ነፋስና ውሃ በአንድ ቀንበር፤ ስለ ኤሌክትሪክ መስመርና ስለ ወፍጮ ሞተር አጠባበቅ



በኢተያና በዴራ አካባቢ የቆሙትን የነፋስ ተርባይኖች ሳታዩ አልቀራችሁም። ቁጥራቸው 29 ሲሆን፣ ሁሉም በሙሉ ኃይላቸው ሲዞሩ 100 ሜጋ ዋት ያህል እንዲያመነጩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ታዲያ ብዙ ሰው «ነፋሱ ያረፈ ዕለት መብራታችን አይጠፋምን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሱን ለመረዳት ጥማድ በሬን ማሰብ ይበቃል። በአገራችን ዋና መስመር የተያያዙት የኃይል ጣቢያዎች በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች እርምጃቸውን አስተካክለው መሄድ አለባቸው። እርምጃውም በሴኮንድ 50 ምልልስ ነው። ማረሻው ጠንካራ መሬት ሲገጥመው በሬዎች እንደሚያዘግሙ፣ ወፍጮውና ምጣዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሣም ይህ ምልልስ ይቀንሳል፤ ጭነቱ ሲቀል ይፈጥናል። ከልኩ እጅግ ከራቀ ጣቢያዎቹ ከጉዳት ለመዳን ከመስመሩ ይወጣሉ። አንዱ ሲወጣ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ እንዲህ እየተያያዘ አገር በሙሉ ሊጨልም ይችላል።

ነፋስ እንግዲህ አለንጋ የማይሰማ በሬ ነው፤ ሲፈልግ ይጎትታል፣ ሲፈልግ ይቆማል። ውሃ ግን ይታዘዛል። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው የአዳማ የነፋስ ጣቢያና በዋቢ ሸበሌ ላይ ያለው የመልካ ዋከና ግድብ በወረቀት ላይ እኩል 153 ሜጋ ዋት ናቸው፤ በሥራ ግን እኩል አይደሉም። ነፋሱ ሲደክም የግድቡ ሠራተኛ ውሃውን ይለቅቃል፤ ሲበረታ ይቀንሳል፤ የተቆጠበውም ውሃ ጎተራ እንደ ገባ እህል ለሌላ ቀን ይቆያል። ደግሞም በአገራችን ነፋሱ በአብዛኛው የሚጠነክረው ወንዞች በሚቀንሱበት በበጋ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም ስላለው፣ ይህን የማመጣጠን ሥራ ያቀልላል። ትልልቅ ግድብ የሌላቸው አገሮች ለዚሁ ሥራ ውድ ባትሪ ይገዛሉ።

ጉዳት የሚመጣው ከማነስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ስፔንና ፖርቱጋል የጨለሙት ቮልቴጁ ከልክ በላይ ወጥቶ ጣቢያዎች ተራ በተራ ስለ ተቆረጡ ነው። በመስኖ ቦይ ውሃው ሲበዛም ዳሩን እንደሚንድ ታውቃላችሁ።

ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ በገጠር ሞተር የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ የነፋሱ መድከም ሳይሆን የቅርቡ መስመርና ትራንስፎርመር መጨናነቅ ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ ሞተሩ ያንኑ እህል ለመፍጨት ብዙ ኮረንቲ ይስባል፤ ሽቦው ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። አምፖሉ ከደበዘዘ ወይም የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ወፍጮውን ወዲያው አጥፉ። ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ሲቀር ሞተሩ እያጉረመረመ መዞር ያቅተዋል፤ ይህ ከሁሉ የከፋ ነውና፣ ፌዝ ሲጎድል ሞተሩን የሚቆርጥ መከላከያ በባለሙያ አስገጥሙ። ዋጋው ከአዲስ ሞተር እጅግ ያነሰ ነው።

መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ዝጉ። ሲመለስም አትቸኩሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ብርሃኑ መጽናቱን እዩና ሞተሩን እህል ሳይገባበት አስነሡት። ሞተር ሲነሣ ከተለመደው አምስትና ስድስት እጥፍ ኮረንቲ ሊስብ ይችላል፤ ስለዚህ በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ያሉ ሦስት ወፍጮዎች በአንድነት ቢነሡ መብራቱ ተመልሶ ይጠፋል። የልማት ሠራተኞች የወፍጮ ባለቤቶችን ሰብስበው የማስነሻ ተራ ቢያስወስኑ መልካም ነው፤ የፊተኛው ድምፁ ሲረጋ የሚቀጥለው ያስነሣ።

ባሕር ዛፍ ከመስመር ሥር አትትከሉ። ገለባም በዚያ አታቃጥሉ፤ ጢሱ ከሽቦ ወደ ሽቦ ብልጭታ ሊያሻግር ይችላል። ከብረት ምሰሶ ላይ ብረት የሚፈታ ሰው ብታዩ ለቀበሌው አስታውቁ፤ ምሰሶው የወደቀ ዕለት የሚጨልመው አንድ መንደር ብቻ አይደለም። ሽቦ ተበጥሶ ከወደቀም ሰውና ከብት አርቃችሁ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ተናገሩ፤ መብራት ጠፍቷል ብላችሁ አትንኩት፤ በማንኛውም ሰዓት ሊመለስ ይችላል።