ምዕራፍ 6፦ ሴት ድመት ስትመክን፣ ከሆድ ወይስ ከጎን?

ሴት ድመት ገና በ4 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናዋ 9 ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ ግልገሎቿን እያጠባችም ደግማ ትፀንሳለች። ስለዚህ 5 ወር ሳይሞላት ማስመከን ይመረጣል። በጊዜ የመከነች ድመት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏም እጅግ ያነሰ ነው።

ከሆድ በኩል

ሐኪሙ ድመቷን በጀርባዋ አስተኝቶ ከእምብርቷ በታች መሃል ለመሃል ይከፍታል። ሁለቱም ኦቫሪዎች በቀላሉ ይገኛሉ፤ ደም ቢፈስ ክፍተቱን አስፍቶ መቆጣጠር ይቻላል። እርጉዝ ድመትና ማህፀኗ መግል የቋጠረ ድመት በዚህ መንገድ ቢሠሩ ይሻላል። በአሜሪካ የተለመደውም ይኸው ነው።

ከጎን በኩል

በብሪታንያ ብዙ ሐኪሞች ከጎን ይከፍታሉ። ምላጩ ወተት ካጋተው ጡት ስለሚርቅ ለምታጠባ እናት ይመቻል። ስፌቱ ቢፈታ አንጀት የመዘርገፉ አደጋ ያነሰ ነው። የማትያዝ የጎዳና ድመት ከሆነች ደግሞ ቁስሏን ከሩቅ ማየት ይቻላል። ሆኖም ማዶ ያለውን ኦቫሪ ማግኘት ይከብዳል። በሲያም ድመቶች ላይ የተላጨው ጠጉር ጠቆር ብሎ ሊበቅል ይችላል።

በካሜራ

ሦስተኛው መንገድ ካሜራ ወደ ሆድ አስገብቶ መሥራት ነው፤ ቁስሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሕመሙም ቀለል ያለ ነው። መሣሪያው ውድ በመሆኑ ግን በየክሊኒኩ አይገኝም።

ምን ይወጣል?

አንዳንዱ ሐኪም ኦቫሪዎቹን ብቻ ያወጣል፤ ሌላው ማህፀኑንም ይጨምራል። ለጤነኛ ወጣት ድመት ሁለቱም ይበቃሉ። ዋናው ነገር የኦቫሪ ቅሬታ አለመተዉ ነው፤ ከቀረ ድመቷ እንደገና ወንድ ትፈልጋለች።

ስለዚህ ድመትዎ ጤነኛና ያላረገዘች ከሆነች፣ ሐኪሙ እጁ የለመደውን መንገድ ይምረጥ። እርስዎ ግን እነዚህን ይጠይቁ፦

• አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በየት በኩል ነው? ለምን?
• ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ የሕመም ማስታገሻ ይሰጣታል?
• ከማደንዘዣው እስክትነቃ ማን ይጠብቃታል?

ወደ ቤት ስትመለስ ሙቀት ባለው ክፍል ያቆዩዋት፤ ስፌቱን እንዳትልስ የአንገት መከላከያዋን አያውልቁ። ቁስሉ ካበጠ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም በማግስቱ ምግብ እምቢ ካለች ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪሙ ይውሰዷት። አመማት ብለው ፓራሲታሞል እንዳይሰጧት፤ አንድ ክኒን ብቻ ድመትን ሊገድል ይችላል።