በሦስት እግር የሚሄድ ሞተር
ስለ አሮጌ መኪና ጕድለት አመረማመር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ሞተር ግን በሽታውን አይደብቅም፤ የሚያዳምጠው ሰው ቢያገኝ ሁሉን ይናገራል። አራት ሲሊንደር ካለው ሞተር አንዱ አልቃጠል ያለ እንደ ሆነ፥ መኪናው አንድ እግሩን እንደ ተመታ በቅሎ እያነከሰ ይሄዳል። ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ቤንዚንም ያለ ልክ ይጠጣል። ባለቤቱ ግምተኛ መካኒክ ያጋጠመው እንደ ሆነ፥ ዛሬ ካንዴላ፥ ነገ ቦቢና፥ ከነገ ወዲያ ካርብራተር ሲለወጥ ኪሱ ይራቆታል፤ ሞተሩም እንዳነከሰ ይቀራል።

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሞተር ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፍ ያስተማረው የመንስዔ ፍለጋ ዘዴ፥ ከጥቁር ሰሌዳ ይልቅ በዘይት በተበከለ እጅ ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል። ለምሳሌ እንዲሆነን በከተማችን ዛሬም የምትታየውን ቮልስዋገን እንውሰድ። ይህች መኪና በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሜክሲኮ የመጨረሻዋ እስክትሠራ ድረስ የሞተሯ መሠረታዊ አሠራር ብዙ አልተለወጠም፤ ስለዚህ ለትምህርት ትመቻለች።

አስቀድሞ ሲሊንደር እንዲቃጠል ምን ያስፈልገዋል ብለን እንጠይቅ። ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ልኩን የጠበቀ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ፥ በቂ እመቃ፥ በትክክለኛው ጊዜ የሚደርስ የእሳት ብልጭታ። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ መቃጠል የለም። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሴኮንድ 25 ጊዜ ይቃጠላል፤ ለአራቱም በሴኮንድ 100 ብልጭታ ያስፈልጋል ማለት ነው። እንግዲህ ትንሽ ጕድለት ቶሎ የሚሰማው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ ጕድለቱ የአንዱ ነው ወይስ የሁሉ? የሚለው ነው። ካንዴላ፥ የካንዴላ ሽቦና ቫልቮላ የየሲሊንደሩ የግል ንብረት ናቸው። ቦቢና፥ ፑንቲና፥ ኮንደንሰርና ካርብራተር ግን የአራቱም የጋራ ናቸው። ማነከሱ በአንድ ምት ሳይዛነፍ የሚመላለስ ከሆነ መንስዔውን ከግል ንብረቶች እንፈልግ፤ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የሚዘባርቅ ከሆነ ግን ጥርጣሬያችን ወደ ጋራው ይዙር። በዝናብ ቀን ብቻ የሚመጣ ማነከስ ብዙውን ጊዜ እርጥበት የገባበትን ሽቦ ወይም የስፒንተሮጀኖውን ክዳን ያመለክታል።

ሦስተኛው ሥራ የታመመውን ሲሊንደር መለየት ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ፥ በደንብ በተሸፈነ ደረቅ ጉጠት የካንዴላውን ሽቦ አንድ ባንድ ማላቀቅና መመለስ ነው። ጤነኛው ሲሊንደር ሲቋረጥ ሞተሩ ይበልጥ ይደክማል፤ የታመመው ሲቋረጥ ግን ምንም ለውጥ አይሰማም፤ ቀድሞም አይሠራምና። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከ10,000 ቮልት በላይ ሊደርስ ስለሚችል በባዶ እጅ አይነካም። ከዚህ ሁሉ በፊት የቤንዚኑ ጎማ ቱቦ እንዳልተሰነጠቀ ይታይ፤ ቤንዚን በሚንጠባጠብበት ቦታ ብልጭታ መፈተን ቤት ማቃጠል ነው።

አራተኛው የሚል ዘዴ ራሱ ነው፤ ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ሦስተኛው ሲሊንደር ታሞ ቢገኝ ካንዴላውን ከአራተኛው ጋር እናለዋውጥ። ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ወደ አራተኛው ከሄደ ጥፋተኛው ካንዴላው ነው፤ በቦታው ከቀረ ካንዴላው ነጻ ወጣ፤ ተራው የሽቦው ይሆናል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ሞተሩ ቢድን እንኳ ያዳነውን አያውቅም። ቴስታታው የቀላል ብረት ቅይጥ ስለ ሆነ ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ አለዚያ ጥርሱ ይበላል።

የወጣውን ካንዴላ ማንበብም ይገባል። ጫፉ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ በዘይት ከራሰ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርብራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጥቀርሻም ያመጣል።

አራቱም በየተራ የሚያነክሱ ከሆነ የፑንቲናው ክፍተት ይለካ፤ ለቮልስዋገን 0.4 ሚሊሜትር ነው። ፊቱ ተቃጥሎ ከተቦረቦረ ኮንደንሰሩም ይጠረጠር። ብልጭታውና ቤንዚኑ ደኅና ሆነው አንዱ ሲሊንደር እምቢ ካለ ግን የሚቀረው እመቃ ነው፤ በመለኪያ ይፈተን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቫልቮላው የሚንኳኳ ሞተር ባለቤቱን ያስፈራዋል፤ ዝም ያለው ደስ ያሰኘዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በኋለኞቹ ቮልስዋገኖች በብዙዎቹ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክፍተቱ 0.15 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ክፍተቱ ከሰፋ ይንኳኳል እንጂ ቫልቮላው ይዘጋል፤ ከጠበበ ግን ድምፅ ሳያሰማ ሳይዘጋ ይቀርና የሚያመልጠው እሳት ጠርዙን ይበላዋል። ብዙ ዘመን ሳይለካ የቆየ ሞተር በዝምታ የሚሞተው እንዲህ ነው። ታሞ ሳለም መንዳት ሌላ ዕዳ ያመጣል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርድና የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል።

እንግዲህ መኪናውን ወደ ጋራዥ የሚወስድ ሰው «ምን ልግዛ?» ከማለቱ በፊት «ምኑን መርምረህ ነጻ አወጣኸው?» ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው መካኒክ ዋጋው ቢወደድም አይጎዳም፤ መልስ የሌለው ግን በነጻ ቢሠራም ውድ ነው።