የፊልም ዲስክን ገበያ ማን ነጠቀው?
ለፊልም ነጋዴዎችና ለባለሆቴሎች የቀረበ አጭር ስሌት

በአሜሪካ ብሎክበስተር የተባለው ታላቅ የፊልም አከራይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለኪሳራ ተዳረገ። ኔትፍሊክስም እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረውን ዲቪዲ በፖስታ የማከራየት ሥራ በሴፕቴምበር 2023 ዘጋ። በሁለቱም ላይ ያሸነፈው ኢንተርኔት ነው። ታዲያ በእኛ አገርስ ዲስኩን የጣለው ኢንተርኔት ነውን?

አስቀድመን ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። ኔትፍሊክስ ጥራት ላለው ሥርጭት በሰከንድ 5 ሜጋቢት ፍጥነት ይጠይቃል። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ የ2 ሰዓት ፊልም በዚህ ፍጥነት 4.5 ጊጋባይት ይበላል። ይህም የአንድ ዲስክ ጭነት ማለት ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 1 ሜጋቢት ከወረደ ያንኑ ለማውረድ 10 ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ላይ ዲስክ አንዴ ከተገዛ አሥር ጊዜ ቢታይ ሌላ ወጪ የለውም፤ በሞባይል ጥቅል ለሚያይ ሰው ግን እያንዳንዱ እይታ አዲስ ሒሳብ ነው።

በአገራችን ዲስኩን ከገበያ ያስወጡት በአመዛኙ ፍላሽና ሚሞሪ ናቸው። አንድ ትንሽ ፍላሽ የብዙ ዲስኮችን ፊልም ይይዛል፤ አይጫጫርም፤ ማጫወቻም አይፈልግም። ዲሽም ያለ ኢንተርኔት ሒሳብ ቤት ውስጥ ይገባል።

ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ መጀመሩ የኢትዮ ቴሌኮምን ብቸኝነት ስላበቃ፣ ፍጥነትና ዋጋ በውድድር ሊሻሻሉ ይችላሉ። የላስታ ነጋዴ ሥጋት ግን ከፍጥነት ይልቅ መቋረጥ ነው። ከላሊበላ እስከ ነአኩቶ ለአብ ያለው አካባቢ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት መብራትና ስልክ አጥቶ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ባለ 5 ሜጋቢቱም ባለ 50ውም እኩል ባዶ ስክሪን ያያሉ። መብራት ሲኖር የሚታየው አስቀድሞ የተጫነው ፊልም ብቻ ነው።

ከዚህ ሦስት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ የዲስክ ክምችት ያለው ነጋዴ ዋጋ ያንሰራራል ብሎ መጠበቅ አይበጀውም፤ ዛሬውኑ ይሽጥ። ሁለተኛ፣ ፊልም በፍላሽ መጫን ገበያ ቢኖረውም፣ ያለባለቤቱ ፈቃድ ማባዛት በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል፤ ስለዚህ ከፕሮዲዩሰሩ ጋር ውል መፈጸም ይቀድማል። ሦስተኛ፣ ለእንግዶቹ ፊልም በኢንተርኔት ለማቅረብ የሚያስብ ባለሆቴል የወር ክፍያውን ብቻ አይቁጠር። መስመር በሚጠፋባቸው ቀናት የሚያጣውንም ገቢ በወጪ ዓምድ ያስፍር፤ ዲሹንም ከጣሪያው ለማውረድ አይቸኩል።