አመዛዝኖ መጻፍ

ከሁለት አማራጮች አንዱን መርጠን ምክንያታችንን በድርሰት ስናስረዳ፣ የመረጥነውን ብቻ ማወደስ አይበቃም፤ የተውነውም ምን ጥቅም እንዳለው መግለጽ ተገቢ ነው። እንዲህ ሲሆን አንባቢ ጸሐፊውን ያምነዋል። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ፣ «ምንም እንኳ» እና «ይሁን እንጂ» የገቡባቸውን ቦታዎች ልብ እያላችሁ አንብቡ።

ከየት ልጀምር?

በልብስ ማጠቢያ መኪና ውስጥ ውሃው ሲሞላ ቧንቧውን የሚዘጋ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሞተሩን የሚያቆም ትንሽ ኮምፒዩተር አለ። ከዕቃው ጋር ተሠርቶ ለዚያ ዕቃ ሥራ ብቻ የሚያገለግል እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ኢምቤድድ ሲስተም ይባላል። ሙያውን ለመማር የተነሣ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገዶች መካከል ያመነታል።

አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣሊያ፣ በኢቭሬያ ከተማ በተጀመረው አርዱዊኖ በተባለው ቦርድ መለማመድ ነው። ተማሪው ጥቂት መስመሮች ጽፎ በዚያው ቀን መብራት ብልጭ ድርግም ያሰኛል። ሁለተኛው የሲ ቋንቋን አስቀድሞ አጥንቶ፣ የማይክሮኮንትሮለሩን ባለ ብዙ መቶ ገጽ መግለጫ እያገላበጡ ከሬጂስተሮቹ ጋር መታገል ነው። ይህ መንገድ ምንም እንኳ ጥልቅ ዕውቀት ቢያስገኝ፣ ጀማሪውን ገና አንዲት መብራት ሳያበራ ተስፋ ሊያስቆርጠው ይችላል።

ስለዚህ በአርዱዊኖ መጀመር ይሻላል። ይሁን እንጂ እዚያው መቅረት አይገባም። «ዲሌይ» የተባለው ትእዛዝ ፕሮግራሙን ለ1,000 ሚሊሴኮንድ፣ ማለትም ለአንድ ሴኮንድ፣ አስቆመው እንበል። በዚያች ሴኮንድ ውስጥ ተጭኖ የተለቀቀ ቁልፍ አይነበብም። ምክንያቱን ያላወቀ ተማሪ ቁልፉ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል። ያወቀው ግን ቦርዱ ጊዜን በምን እንደሚቆጥር ይጠይቃል፤ ታይመር የተባለውን ክፍልና ሬጂስተሮቹን የሚያጠናበት ምክንያትም ያን ጊዜ ያገኛል። የማኅደረ ትውስታውም ነገር እንዲሁ ነው። የአርዱዊኖ ኡኖ አር 3 የሥራ ማኅደረ ትውስታ 2,048 ባይት ብቻ ነው፤ አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ (ለእኛ ከበድ ያለ ሒሳብ ነው) 700 ፊደላት እንኳ አይዝም። ባይት መቁጠር የጀመረ ተማሪ ወደ ሲ ቋንቋ ጠለቅ ብሎ መግባቱ አይቀርም።

መልመጃ

1. ጸሐፊው ላልመረጠው መንገድ የሰጠው ጥቅም የትኛው ነው?

2. «ስለዚህ በአርዱዊኖ መጀመር ይሻላል። ይሁን እንጂ እዚያው መቅረት አይገባም።» የሚሉትን በ«ምንም እንኳ» አያይዛችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር አድርጓቸው።

3. ሁለተኛውን መንገድ የሚደግፍ አንድ አንቀጽ ጻፉ፤ የመጀመሪያውንም ጥቅም አትሰውሩ።