ዛፉ የማን ሙያ ነው?
ስለ ጥምር ደን እርሻ አማካሪዎች ሥልጠና

በ1990ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተዘረጋው የግብርና ኤክስቴንሽን አሠራር ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሦስት የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ ታቅዶ ነበር። አንዱ በሰብል፣ ሁለተኛው በእንስሳት፣ ሦስተኛው በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ነበሩ። የሥራ ክፍፍሉ ለማስተማርም ሆነ ለማስተዳደር ያመቻል። የአርሶ አደሩ ማሳ ግን በዚህ መልክ የተከፋፈለ አይደለም። በበቆሎ ማሳ ዳር የቆመ አንድ ዛፍ ጥላው በሰብሉ ላይ ያርፋል፤ ቅጠሉን ፍየል ይበላዋል፤ ሥሩ ውኃ ይሻማል፤ ቅርንጫፉ ለማገዶ ይውላል። ታዲያ ስለዚህ ዛፍ ምክር የሚሰጠው ከሦስቱ ማን ነው? ይህ ጽሑፍ የጥምር ደን እርሻን መሠረታዊ ሐሳቦች እያስረዳ፣ ለመሬት ተጠቃሚዎች ምክር የሚሰጡ ባለሙያዎች በምን ዓይነት ዕውቀት መታነጽ እንዳለባቸው ያብራራል።

ጥምር ደን እርሻ ምንድን ነው?

ጥምር ደን እርሻ ወይም አግሮፎረስትሪ የሚባለው ዛፎችንና ቁጥቋጦዎችን ከሰብል ወይም ከእንስሳት ጋር በአንድ መሬት ላይ፣ በአንድ ጊዜ ወይም በተራ፣ ሆን ብሎ አቀናጅቶ የማልማት ዘዴ ነው። በትርጉሙ ውስጥ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ቅንጅቱ በዕቅድ የሚደረግ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው በዛፉና በሰብሉ መካከል መስተጋብር መኖሩ ነው።

ዘዴው ጥንታዊ ነው። የጌዴኦ አርሶ አደሮች እንሰትን፣ ቡናንና ሀገር በቀል ዛፎችን በአንድ መሬት ላይ በደረጃ አቀናጅተው ለረጅም ዘመን ኖረዋል፤ መልክዓ ምድሩም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በኮንሶ እርከኖች ላይም ሽፈራው ከማሽላ ጋር ይበቅላል። ዘርፉ ራሱን የቻለ የሳይንስ መስክ ሆኖ ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም የተመሠረተለት ግን እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ተቋሙም መቀመጫውን በናይሮቢ አደረገ። በአጭሩ፣ ገበሬው ከሳይንሱ ቀድሟል። አማካሪ ለመሆን የሚሠለጥን ሰው አስቀድሞ ሊገነዘበው የሚገባው ይህንኑ ነው።

መተጋገዝና መሻማት

ዛፍና ሰብል ሦስት ነገሮችን ይጋራሉ፤ እነዚህም ብርሃን፣ ውኃና የአፈር ንጥረ ነገር ናቸው። ሁለቱ እነዚህን ሀብቶች በተለያየ ጊዜ ወይም ከተለያየ ጥልቀት የሚወስዱ ከሆነ ይተጋገዛሉ፤ በአንድ ጊዜና ከአንድ ቦታ የሚወስዱ ከሆነ ይሻማሉ።

ለመተጋገዝ በምሳሌነት የሚጠቀሰው በሳይንሳዊ ስሙ ፌደርቢያ አልቢዳ የሚባለው፣ በአፋን ኦሮሞ ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና የሚሰኘው ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ከብዙዎቹ በተቃራኒ ቅጠሉን በዝናብ ወቅት ያራግፋል፤ በበጋ ያለመልማል። ስለዚህ ሰብሉ ብርሃን በሚፈልግበት ጊዜ አያጠላበትም። የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፤ በሥሩ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጂን ይይዛሉ፤ በበጋ ፍሬውን ሊበሉ የሚመጡ ከብቶችም ፍግ ይጥላሉ። በሐረርጌ ደጋማ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት፣ በዛፉ ሥር የተዘሩ ሰብሎች ከዛፉ ርቀው ከተዘሩት በአማካይ 56 በመቶ ብልጫ ያለው ምርት እንደሰጡ አሳይቷል።

ነገር ግን ጠንቃቃ ተማሪ እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ማንሳት አለበት። አፈሩን ያለማው ዛፉ ነው ወይስ ዛፉ ቀድሞውኑ ለም በሆነ ቦታ ላይ በቀለ? ዛሬ የተተከለ ችግኝስ ይህን ጥቅም የሚሰጠው መቼ ነው? ያደገ ዛፍ የሚሰጠውን ጥቅም ለችግኝ ቃል መግባት ከአማካሪ አይጠበቅም።

የመሻማት ምሳሌ ደግሞ ባህር ዛፍ ነው። በማሳ ዳር በመስመር ሲተከል፣ በቅርቡ ያለው የጤፍ ወይም የስንዴ ረድፍ እየቀጨጨ መሄዱን ማንኛውም አርሶ አደር ያውቃል። ሆኖም አርሶ አደሩ መትከሉን አላቆመም፤ ለቤት መሥሪያ፣ ለማገዶና ለቸገረው ቀን ገንዘብ ይሆነዋልና። «ባህር ዛፍ ጎጂ ነው» ብሎ የሚመለስ አማካሪ ግማሹን እውነት ብቻ ተናግሯል። በመስመሩና በሰብሉ መካከል ቦይ ቆፍሮ ሥሩን መቁረጥ፣ ተከላውን ለእርሻ ወደማይመች መሬት ማዛወር፣ ገቢና ኪሳራውን ከባለቤቱ ጋር ማስላት የአማካሪው ሥራ ነው።

ጥቅሙ እንዴት ይለካል?

ለዚህ ከሚያገለግሉት መለኪያዎች አንዱ የመሬት አቻ ምጣኔ ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው፦

የመሬት አቻ ምጣኔ = (በቅንጅት የተገኘ ሰብል ÷ ለብቻው የሚገኝ ሰብል) + (በቅንጅት የተገኘ እንጨት ÷ ለብቻው የሚገኝ እንጨት)

ለማስረጃ ያህል፣ በአንድ ሄክታር ላይ ለብቻው የተዘራ በቆሎ 40 ኩንታል፣ ለብቻው የተተከለ ዛፍ 20 ሜትር ኩብ እንጨት ይሰጣል እንበል። ሁለቱ ሲቀናጁ 32 ኩንታልና 10 ሜትር ኩብ ቢገኝ፣ ምጣኔው 0.8 + 0.5 = 1.3 ይሆናል። ይህም ማለት ያንኑ ምርት ለየብቻ ለማግኘት 1.3 ሄክታር መሬት ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ምጣኔው ከ1 ሲበልጥ ቅንጅቱ መሬትን በተሻለ ተጠቅሟል።

ነገር ግን ስሌቱ የማይናገረው ነገር አለ። የበቆሎው ምርት በ8 ኩንታል ቀንሷል። ምርቱ ከዓመት ዓመት ለማያደርሰው ቤተሰብ ይህ ጉድለት የወራት ቀለብ ነው፤ እንጨቱ ደግሞ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው። በወረቀት ላይ ትርፍ የሆነው በጎተራ ረኀብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሠልጣኙ ስሌቱን ብቻ ሳይሆን የስሌቱንም ወሰን መማር ይኖርበታል።

መጀመሪያ ምርመራ፣ ቀጥሎ ንድፍ

ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። በዚሁ አስተሳሰብ የናይሮቢው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ «ምርመራና ንድፍ» የተባለ የአሠራር ዘዴ አዳብሯል። በዘዴው መሠረት አማካሪው የሚጀምረው ከዛፍ ዝርያ ሳይሆን ከቤተሰቡ ችግር ነው። የጎደለው መኖ ነው፣ ማገዶ፣ ገንዘብ ወይስ የአፈር ለምነት? መሬቱን የሚያርሰው ማን ነው? ዛፉን ቆርጦ የመሸጥ መብትስ የማን ነው? ውኃና ማገዶ የሚሸከሙት፣ ጓሮውን የሚንከባከቡት ሴቶች ምን ይላሉ? በበጋ መሬቱ ለልቅ ግጦሽ ክፍት የሚሆን ከሆነ፣ የችግኙን ዕድል የሚወስነው የደን ዕውቀት ሳይሆን የከብት አያያዝ ስምምነት ነው።

የአዊ ዞን ተሞክሮ ይህንን በሚገባ ያሳያል። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች አርሶ አደሮች በተጎዳና አሲዳማ በሆነ መሬት ላይ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ ከጤፍ ጋር ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳሉ፤ ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር ለከብት ያውላሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛፉን ለከሰል ቆርጠው መሬቱን እንደገና ያርሳሉ። ሰብል፣ መኖና እንጨት በተራ የሚገኙበት ይህ አሠራር በዋነኛነት የተስፋፋው በአርሶ አደሮቹ በራሳቸው ተነሳሽነት ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2020ዎቹ የዝገት በሽታ ተከላውን ክፉኛ ጎዳው። በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ መመርኮዝ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነም ታየ። ከዚህ አማካሪው ሁለት ትምህርት ያገኛል፤ የአርሶ አደሩን ፈጠራ ማክበርና፣ ከአንድ ማሳ አሻግሮ የሚታየውን አደጋ በጊዜ ማመልከት።

ሥልጠናው ምን ይምሰል?

ከላይ ከተባለው ተነሥተን የሥልጠናውን መሠረት በአራት ነጥቦች ማጠቃለል እንችላለን።

1. የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች በአንድ ማሳ ላይ አብረው ይሠልጥኑ፤ እያንዳንዱ የሌላውን ጥያቄ መጠየቅ ይልመድ።
2. ትምህርቱ ዛፍ መትከልን ብቻ ሳይሆን ቅርንጫፍ መግረዝን፣ ማሳሳትንና በጊዜው መቁረጥን ያካትት። የመስተጋብሩ ሚዛን የሚጠበቀው በእንክብካቤ ነው።
3. ሠልጣኙ መለካትን፣ ማስላትንና ወጪና ገቢን ማመዛዘንን ይለማመድ።
4. ከሁሉ በላይ ማዳመጥን ይማር። የሥራው ውጤት መመዘን ያለበት በታደለው ችግኝ ብዛት ሳይሆን፣ ከዓመታት በኋላ ቆሞ በተገኘውና ለባለቤቱ በጠቀመው ዛፍ ነው።

እንግዲህ «ዛፉ የማን ሙያ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሦስቱም ነው። ለሦስቱም ሲሆን ግን ለማንም እንዳይሆን የሚጠብቀው የጋራ ሥልጠና ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ፌደርቢያ አልቢዳ ከሰብል ጋር በብርሃን የማይሻማው ለምንድን ነው?
2. ለብቻው 25 ኩንታል የሚሰጥ ስንዴ በቅንጅት 15 ኩንታል፣ ለብቻው 30 ሜትር ኩብ የሚሰጥ ዛፍ በቅንጅት 18 ሜትር ኩብ ቢሰጥ የመሬት አቻ ምጣኔው ስንት ነው? ይህን ቅንጅት ለሁሉም ቤተሰብ ይመክራሉን? ምክንያትዎን ያስረዱ።
3. በአካባቢዎ ካሉ ማሳዎች አንዱን ይምረጡ፤ በላዩ ያሉትን ዛፎች መዝግበው እያንዳንዱ ለምን እንደቆመ ባለቤቱን ይጠይቁ።