የሚያቃጥለውን መግራት

በዚህ ሳምንት መጨረሻ ወደ ገበያ ውጡና ግማሽ ኪሎ ቃሪያ ግዙ፤ የሚያቃጥለውን፣ ሻጯ «ይቺስ ታስለቅሳለች» ብላ የምታስጠነቅቃችሁን። ከእሱ በገዛ እጃችሁ ማባያ ትሠራላችሁ። ምግብ ቤት ውስጥ ከሥጋ ጋር የሚቀርበውን ዳጣ ማዘዝ ወይም ከሱፐርማርኬት አንድ ጠርሙስ መግዛት እንደሚቀል አውቃለሁ። ይህን ሥራ የመረጥኩላችሁ ግን የሚያስፈራ ነገር በመጠን፣ በዝግጅትና በጊዜ እንዴት እንደሚገራ በምላሳችሁ የምታረጋግጡበት በመሆኑ ነው። ወጪው ትንሽ ነው፤ ውጤቱም ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

መጀመሪያ ማቃጠሉን እንወቀው። ቃሪያን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ብዙ ሰው ኃይሉ ያለው ፍሬው ላይ ይመስለዋል፤ ዋናው ምንጭ ግን ፍሬዎቹ የተጣበቁበት ነጩ የውስጥ ክፍል ነው። ካፕሳይሲን ምላስ ሲነካ የሚቀሰቅሰው፣ ከመጠን በላይ የጋለ ሻይ ስንጎነጭ የሚነቃውን ያንኑ የነርቭ ተቀባይ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቻቸው ይህን ተቀባይ በ1997 ለይተው አወጡት፤ በ2021 የኖቤል ሽልማት ካስገኙላቸው ሥራዎች አንዱም ይኸው ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አእምሮ «ተቃጠልኩ» ብሎ ይጮኻል፤ ላብ ይወርዳል፣ እንባ ይመጣል። አፍ ውስጥ ግን የሚነድ እሳት የለም። ደግሞም ያው ተቀባይ በትንሽ በትንሹ ሲነካካ ምላሹ እየቀነሰ ይሄዳል። ሚጥሚጣ ችሎ የተወለደ ሕፃን የለም፤ ሁላችንም ከአልጫ ወደ ቀይ ወጥ የተሻገርነው በጉርሻ በጉርሻ ነው።

ይህን ደግማችሁ አስቡት። በሰው ፊት ቆሞ መናገር፣ በሠላሳ ዓመት ዕድሜ እንደገና ተማሪ መሆን፣ የራስን ትንሽ ሥራ መክፈት፤ ስንቱን ነገር ነው በአንድ ጊዜ ሙሉውን እንጎርሰዋለን ብለን አስበን የሸሸነው? የጉርሻው መጠን በእጃችን ነው። ይህን ከልቤ አምናለሁ፤ በየቤቱ ማዕድ ዙሪያ በየቀኑ የሚታይ እውነት ስለሆነም አምናለሁ።

መጠን ካልን፣ ማቃጠልን በቁጥር ለመግለጽ የተነሡት አሜሪካዊው የመድኃኒት ባለሙያ ዊልበር ስኮቪል ነበሩ፤ ዘመኑ 1912። የቃሪያውን ጭማቂ ቀማሾች ማቃጠሉ እስኪጠፋባቸው ድረስ በስኳር ውኃ ማቅጠን ነበር ዘዴያቸው። በእሳቸው ስም በሚጠራው መለኪያ ሀላፔኞ የተባለው ቃሪያ ከ2,500 እስከ 8,000 ይደርሳል፤ ሀባኔሮ ከ100,000 ተነሥቶ 350,000 ይነካል። በ2023 በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ የሰፈረው «ፔፐር ኤክስ» ደግሞ በአማካይ 2,693,000 ነው። ያን ቃሪያ ያዳቀሉት የሳውዝ ካሮላይናው ኤድ ከሪ በወጣትነታቸው በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ውስጥ እንደነበሩ፣ ከዚያም እንደወጡ በግልጽ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ፔፐር ኤክስን ለማውጣት ዓመታትን ፈጅተዋል፤ ሲያዳቅሉ፣ ሲዘሩ፣ ዘር ሲመርጡ፣ እንደገና ሲዘሩ። የአንድ ሰው ሕይወት እንዲህ ሊታደስ መቻሉ ከየትኛውም ክብረ ወሰን ይልቅ ያስደስተኛል።

እኛም ከማንም የምናንስ አይደለንም። የቃሪያና የበርበሬ የትውልድ ስፍራ የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ወደዚህ የደረሰው ክርስቶፈር ኮሎምበስ ውቅያኖስ ካቋረጡ በኋላ ነው። እናቶቻችን ግን ያን እንግዳ ተክል ተቀብለው የገበታችን ጌታ አደረጉት። ድልህ፣ አዋዜ፣ ዳጣ፣ ቆጭቆጫ፤ የማረቆ በርበሬ ስሙ ብቻ ምራቅ የሚያመጣ ሆነ። የማያውቁትን ነገር ተቀብሎ የራስ የማድረግ ችሎታ በቤታችሁ ሲወራረስ የኖረ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ጓንት አድርጉ፤ ይህን አትዝለሉት። መስኮት ክፈቱ፣ ዓይናችሁን አትንኩ፣ ልጆችን ከማድ ቤት አርቁ። እጃችሁን ካቃጠላችሁ በመጀመሪያ በዘይት አሹት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ፤ ካፕሳይሲን ውኃን አይሰማም፣ በዘይት ግን ይሟሟል። አፋችሁን ከሆነ ወተት ወይም እርጎ ያበርደዋል፤ ጾም ከሆነ ቁራሽ ዳቦ በስኳር ይረዳል። ጠንቃቃ ሰው ፈሪ አይደለም፤ ሥራውን እስከ መጨረሻ ለመሥራት ያሰበ ሰው ነው።

ቃሪያውን አጥባችሁ አድርቁ፣ ጭራውን ቀንጥሱ። ለዘብ እንዲል የፈለገ ነጩን የውስጥ ክፍል ያውጣ። 500 ግራም ቃሪያ ከ100 ግራም የተላጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጋር በሙቀጫ ወይም በብሌንደር ሸካራ አድርጋችሁ ፍጩት። ጨው በዓይን ግምት አይደለም፤ በሚዛን ነው። የጠቅላላው ክብደት 3 በመቶ፣ ማለትም ለ600 ግራም 18 ግራም ይበቃል። ጨው ሲያንስ የሚያበላሹት ተሕዋስያን ይበረታሉ፤ በጣም ሲበዛ ደግሞ የምንፈልጋቸው ጠቃሚዎቹ ሳይቀሩ ይደክማሉ። ንጹሕ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጥቁት፣ ሲብላላ ስለሚነሳ ከላይ ቦታ ተዉለት፣ የወጣው ጭማቂ እንዲሸፍነውም ወደታች ተጫኑት። ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ፤ በየቀኑ ላላ እያደረጋችሁ ጋዙን አስወጡ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት። በእነዚህ ቀናት ቃሪያው ላይ ቀድሞም የነበሩት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። የጥሬ ቃሪያ ሽታው ይሄዳል፣ ደስ የሚል ኮምጣጣ መዓዛ ይተካል፤ ያ ብቻውን ይነድ የነበረው ማቃጠልም የጣዕም ጓደኛ ያገኛል። ከላይ ስስ ነጭ ሽፋን ቢታይ ጠርጋችሁ አንሡት፤ ጠጉር ያለው ወይም ቀለም ያለው ሻጋታ ከሆነ ግን ሳትሳሱ ሁሉንም ጣሉት። ሲደርስ ጥቂት አቸቶ፣ የተፈጨ ኮረሪማ፣ ጤና አዳም ጨምራችሁ አልሙት። የአሲድ መለኪያ ወረቀት ያለው ሰው ወረቀቱ ከ4 በታች ማሳየቱን ያረጋግጥ። ማስቀመጫው ፍሪጅ ነው፤ በተለይ ነጭ ሽንኩርት ያለበትን ዘይት አፍስሳችሁ ከፍሪጅ ውጭ እንዳታቆዩት፤ አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል።

ሦስት ሳምንት ለሚረዝምበት ሰው አንድ ነገር ልንገር። ከ1868 ጀምሮ በሉዊዚያና ኤቨሪ ደሴት ለሚሠራው፣ ታባስኮ ለተባለው የቃሪያ ማባያ የተፈጨው ቃሪያ በእንጨት በርሜል ውስጥ እስከ ሦስት ዓመት ይተኛል። እዚያ መጠበቅ ከሥራው አንዱ ክፍል ነው፤ ለእናንተም ይሁን።

«ዕቃ የለኝም፣ ማድ ቤቴ ጠባብ ነው» ለሚል ደግሞ የዴቪድ ትራን ታሪክ አለ። ቬትናም ሳሉ የቃሪያ ማባያቸውን የሚሞሉት የሕፃናት ምግብ ባለቀባቸው ያገለገሉ ጠርሙሶች ነበር፤ ቤተሰቡም በብስክሌት ያደርስ ነበር። በ1978 ማብቂያ ላይ ሁይ ፎንግ በተባለች የጭነት መርከብ ከሌሎች ስደተኞች ጋር አገራቸውን ጥለው ወጡ። በ1980 ሎስ አንጀለስ ሲገቡ የሚወዱትን ዓይነት ማባያ አጡ፤ ስለዚህ ራሳቸው ሠሩት፤ በሰማያዊ ቫን እያዞሩም ለምግብ ቤቶች አከፋፈሉት። ድርጅቱን በመርከቧ ስም ጠሩት። ዛሬ በአረንጓዴ ክዳኑ የሚታወቀው ስሪራቻ የዚሁ ድርጅት ምርት ነው። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ የአገራችሁ ቃሪያ ባይገኝ አትዘኑ፤ በአካባቢያችሁ የሚሸጠው ሀባኔሮ ወይም ሌላ የሚያቃጥል ቃሪያ ኮረሪማና ዝንጅብል ሲያገኘው ያምራል።

ጠርሙሱ ላይ ወረቀት ለጥፉ፤ የቃሪያው ዓይነት፣ የጨው ግራም፣ የተጀመረበት ቀን ይጻፍበት። ሲደርስ ግማሹን ለጎረቤት ስጡ፤ «ጣፈጠ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሰው በይሉኝታ አዎ ይላልና፤ «ምን ጎደለው?» በሏቸው። መልሱን እዚያው ወረቀት ላይ አስፍሩ። በሁለተኛው ዙር ታዲያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ወይ ቀኑን፣ ወይ ቃሪያውን፣ ወይ ዝንጅብሉን። ሁለት ነገር አብራችሁ ከቀየራችሁ፣ ማባያችሁን ያሻሻለው የትኛው እንደሆነ አታውቁትም።