ለዒድ ግብዣ የሚሆን ናቾስ በቤታችን ስናዘጋጅ

በአሜሪካ በሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ዘንድ ዒድ በመጣ ቁጥር ልጆች ከዶሮ ወጡና ከሳምቡሳው ጎን «ናቾስ የለም ወይ?» ብለው የሚጠይቁበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ይህ የሚያስነውር ነገር አይደለም። ምግቡ በመሠረቱ በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ቺዝ፣ ሥጋና ቃሪያ ነውና ለእኛ ብዙም እንግዳ አይደለም። ችግሩ ያለው ከመደብር በምንገዛቸው ነገሮች ውስጥ ሳናውቀው በሚገባው ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የዓቂቃ ግብዣ ላይ ተገኝቼ ነበር። አንዲት ወጣት እህት ሁለት ትልልቅ ትሪ ናቾስ ሠርታ አቀረበች። ሥጋው ከሐላል ሥጋ ቤት የተገዛ ነበር፤ ቺዙንም መርጣ ነው የገዛችው። ግማሹ ከተበላ በኋላ ወጥ ቤት ገብቶ ዕቃ ሲያነሳሳ የነበረ አንድ ወንድም የቦሎቄውን ባዶ ቆርቆሮ አንስቶ ቢያነብ ከይዘቱ መካከል የአሳማ ስብ ተጽፎ አገኘ። እህታችን አለቀሰች። ከእንግዶቹ መካከል የነበሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ አንቺም ሳታውቂ ነው፣ እኛም ሳናውቅ ነው የበላነው፤ አላህ መሓሪ ነው» እያሉ አጽናኗት። እውነት ነው፣ ባለማወቅ የተደረገ ነገር ወንጀል የለበትም። ይሁን እንጂ እንግዳ በሰው ቤት ሲበላ ቆርቆሮ አንብቦ አይደለም፤ የቤቱን ባለቤት አምኖ ነው። ስለሆነም ማንበቡ የእኛ የአዘጋጆቹ ድርሻ ይሆናል።

የምግቡ መነሻ

ናቾስ የተጀመረው በሰሜን ሜክሲኮ ከቴክሳስ ድንበር አጠገብ ባለችው በፒየድራስ ኔግራስ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ኢግናሲዮ አናያ የተባለ የምግብ ቤት ሠራተኛ ከድንበር ማዶ ለመጡ አሜሪካውያን ሴቶች በእጁ ያገኘውን የተጠበሰ የቶርቲያ ቁራጭ፣ ቺዝና ሀላፔኞ ቃሪያ አሙቆ አቀረበላቸው ይባላል። «ናቾ» ኢግናሲዮ ለሚባሉ ሰዎች የሚሰጥ የቁልምጫ ስም ነው። ቀድሞ የነበረው ናቾስ እንግዲህ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ከማሽን የሚቀዳው ፈሳሽ ቺዝ የመጣው ቆይቶ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በቴክሳስ አርሊንግተን ስታዲየም ለኳስ ተመልካቾች መሸጥ ከጀመረ በኋላ ነው የተስፋፋው። ልጆቻችን ናቾስ ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያስቡት ይህንን ሁለተኛውን ነው። ለጤናም ለሐላልም የሚሻለው ግን የመጀመሪያው ነው።

ከመግዛታችን በፊት የሚነበበው

ከሁሉ አስቀድሞ ቦሎቄውን እንመልከት። ተፈጭቶና ተጠብሶ በቆርቆሮ የሚሸጠው የሜክሲኮ ቦሎቄ በባህላዊው አሠራር የሚጠበሰው በአሳማ ስብ ነው። በመሆኑም ቆርቆሮው ላይ «ትራዲሽናል» የሚል ካያችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፤ በእንግሊዝኛ «ላርድ»፣ በስፓኒሽ «ማንቴካ» ተብሎ የሚጻፈው ይኸው የአሳማ ስብ ነው። «ቬጀቴሪያን» የሚለው ይህ የለበትም። ከዚህም የሚሻለው ሳይፈጭ በውኃና በጨው ብቻ የታሸገውን ጥቁር ቦሎቄ ገዝቶ በቤት ማዘጋጀት ነው። በወንፊት አጥልሎ በቀዝቃዛ ውኃ ማለቅለቅ ብቻውን የጨውን መጠን ወደ 40 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። ጊዜ ያላት እህት ደግሞ ደረቁን ቦሎቄ ከዋዜማው ዘፍዝፋ ብትቀቅለው በዋጋም በጣዕምም ታተርፋለች።

ሁለተኛው ቺዝ ነው። ወተቱን የሚያረጋው ሬኔት ከጥንት ጀምሮ ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ የሚመረተው አብዛኛው ቺዝ የሚረጋው ግን በረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት በሚመረት ካይሞሲን ነው፤ ይህንንም የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1990 ፈቅዶታል። ማሸጊያው ላይ «ኤንዛይምስ» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። በሸሪዓው መሠረት ካልታረደ እንስሳ ስለሚገኘው ሬኔት ዑለማዎች ተለያይተዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ንጹሕ ነው ሲሉ፣ ብዙኃኑ ደግሞ ይህን አልተቀበሉም። ይህ ዓምድ ፈትዋ የሚሰጥበት ስላልሆነ የመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቁ። ከጥርጣሬው መውጣት የሚፈልግ ግን «ማይክሮቢያል» ወይም «ቬጀቴሪያን» የሚል ጽሑፍ፣ አሊያም የሐላል ማረጋገጫ ድርጅቶችን ምልክት ይፈልግ፤ ለምሳሌ የኢፋንካ ምልክት ጨረቃና «ኤም» ፊደል ነው። ቺዙን በጥቅሉ ገዝታችሁ ራሳችሁ በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቁት። ተፈቅፍቆ የሚሸጠው እንዳይጣበቅ ስታርች ወይም ሴሉሎስ ስለሚነሰነስበት እንደሚፈለገው አይቀልጥም።

ከዚህ በተጨማሪ አንዳንድ የሳወር ክሬም ዓይነቶች ጀላቲን ይገባባቸዋል። በአንዳንድ ምግብ ቤቶች የሚቀርበው የቺዝ ሶስ ደግሞ ቢራ ሊኖርበት ይችላል፤ ስለዚህ ከውጭ ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ግድ ነው። ሀላፔኞው የተዘፈዘፈበት ኮምጣጤ ግን አያሳስብም። ኮምጣጤን ራሳቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማባያ አድርገው የበሉትና ያወደሱት ነው።

አዘገጃጀቱ

ለ10 ሰው ያህል 24 የበቆሎ ቶርቲያ ይበቃል። ይህ በቆሎ ከመፈጨቱ በፊት በኖራ ውኃ የተቀቀለ ነው። አሠራሩ የሜክሲኮ ጥንታዊ ሕዝቦች ጥበብ ሲሆን በበቆሎው ውስጥ ያለው ናያሲን የተባለው ቫይታሚን ለሰውነት እንዲለቀቅ ያደርጋል። በቆሎው ያለዚህ አሠራር የድኾች ዋነኛ ቀለብ በሆነባቸው የአውሮፓ አካባቢዎች ፔላግራ የሚባለው በሽታ ብዙ ሰው ጎድቷል። ቶርቲያውን ዘይት በስሱ ቀብታችሁ እያንዳንዱን ለ6 ቁረጡትና በኦቭን ትሪ ላይ ሳይደራረብ ዘርጉት። በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ (ባገራቸው መለኪያ 350 ፋራናይት) ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ሲቆይ ይደርቃል። በዘይት ከመጥበስ ይልቅ እንዲህ ማድረጉ ቅባቱን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ጨውም በልካችሁ ትጨምራላችሁ።

700 ግራም የተፈጨ ሐላል የበሬ ሥጋ ከቀይ ሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በመጥበሻ አብስሉና የወጣውን ስብ አፍስሱት። በፓኬት የሚሸጠውን የታኮ ቅመም ተዉት፤ ጨው ይበዛበታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ከሙን፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬና ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ይበቃዋል። የእናቴን በርበሬ ተጠቅሜ ስሠራው የትኛውም ፓኬት አልደረሰበትም! እዚህ ላይ ክትፎ ለምንወድ ሁሉ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በሥጋው ላይ ብቻ የነበረ ተሕዋስ ሲፈጭ ወደ ውስጥ ስለሚቀላቀል፣ የተፈጨ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ መብሰል አለበት። ለልጆችና ለአረጋውያን በሚቀርብ ትሪ ላይ በዚህ ነገር መቀለድ አይገባም።

አሁን ወደ መደርደሩ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቺፕሱ እንዳይልም ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የሚነካው ቺዝ ይሁን። አንድ ረድፍ ቺፕስ ዘርግታችሁ ቺዝ ነስንሱ፤ የቀለጠው ቺዝ እንደ ሽፋን ሆኖ ከእርጥበት ይከላከለዋል። በላዩ ላይ በደንብ የተጠለለውን ቦሎቄና ሥጋውን በትኑ፤ ከዚያም ሁለተኛ ረድፍ ቺፕስና እንደገና ቺዝ ጨምሩ። ሦስተኛ ረድፍ አትጨምሩ፤ መካከሉ ሳይሞቅ ዳሩ ያርራል። ለሁሉም ትሪ 350 ግራም ቺዝ በቂ ነው። በ200 ዲግሪ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ አቆዩት። ቲማቲም፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠል፣ በሎሚ የታሸ አቮካዶና በጨርቅ የተጠለለ እርጎ የሚጨመሩት ከኦቭን ከወጣ በኋላ ነው። እርጎው የሳወር ክሬሙን ቦታ ጥሩ አድርጎ ይተካል። እንግዳ ከበዛ ሁሉንም አንድ ላይ አታውጡ፤ አንዱ ትሪ ሲያልቅ ሌላውን አስገቡ።

ማን ምን ያህል ይብላ?

28 ግራም የመደብር ቺፕስ፣ ማለትም አንድ እፍኝ የማይሞላው፣ ወደ 140 ካሎሪ አለው። ያንኑ ያህል ቼዳር ቺዝ ሲጨመርበት ወደ 115 ካሎሪ ይታከላል። ናቾስ ቆመው እያወሩ የሚነሱት ምግብ ስለሆነ መጠኑ አይታወቅም፤ ስለሆነም ለየሰው በሳህን ማካፈል ይመረጣል። የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት፣ ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ በሦስት መክፈልን፣ ወር ሙሉ ጾመን በምንበላው የዒድ ማዕድ ላይ የምንረሳው ብዙ ነን። በተለይ የደም ግፊት ያለባቸው አባቶችና እናቶች በመካከላችን ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ በቺዝ፣ በቺፕስና በተዘፈዘፈ ቃሪያ ይህ መጠን ቶሎ ይሞላል። ለእነርሱ ከትሪው አንዱን ጥግ ቺዙን ቀንሳችሁ፣ ቦሎቄውንና ቲማቲሙን አብዝታችሁ ለዩላቸው። ስኳር ላለባቸውም ይኸው ጥግ ይስማማል፤ አንድ ስኒ የበሰለ ጥቁር ቦሎቄ ወደ 15 ግራም ፕሮቲንና ወደ 15 ግራም አሰር አለው።

ነፍሰ ጡር እህቶች ካልፈላ ወተት የተሠራ ለስላሳ ነጭ ቺዝ ፈጽሞ አይብሉ፤ ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ፅንስን ሊያስወርድ ይችላል። «ቄሶ ፍሬስኮ» የሚባለውማ ከፈላ ወተት ተሠራ ቢባልም ቢቀርባቸው ይሻላል። ዕድሜያቸው ከ4 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ደግሞ ጠንካራው ቺፕስ ሊያንቃቸው ስለሚችል ለስላሳ ቶርቲያ በተደፈጠጠ ቦሎቄ ስጧቸው።

የተረፈውን በተመለከተ፣ ሥጋና ቺዝ ያለበት ትሪ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ዒዱ በፓርክ ከሆነና ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከ1 ሰዓት አይበልጥ። በጊዜው ወደ ፍሪጅ የገባው ቺፕስ መላሙ አይቀርም፤ ሜክሲኮዎች ግን አይጥሉትም። የደረቀ ቶርቲያ በቲማቲምና በቃሪያ ሶስ አሽተው «ቺላኪሌስ» ብለው ለቁርስ ይበሉታል። እኛም በማግስቱ ጠዋት ቲማቲምና ቃሪያ አቁላልተን፣ የተረፈውን ናቾስ ጨምረን በደንብ ካሞቅነው በኋላ እንቁላል ብንመታበት ያለምንም ጥርጥር ፍርፍር ነው።